አጥብቆ መያዝ በእንግሊዝኛ፦ ሆልድ፣ ግሪፕ፣ ክለች ወይስ ክሊንግ?

ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያን መጦሪያ ተቀጥሬ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ላዛውራቸው ክንዳቸውን ያዝኩ። እንዳይወድቁብኝ ብዬ ጠበቅ አደረግኩት። ለካ ነርሷ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። «ዶንት ግሪፕ ኸር፤ ጀስት ሆልድ ኸር» አለችኝ። በጭንቅላቴ ወደ አማርኛ መለስኩት። «አትያዛቸው፤ ዝም ብለህ ያዛቸው።» ምን ማለት ነው? ግራ ሲገባኝ ጭራሽ ለቀቅኳቸው። ደግነቱ ገና አልተነሡም ነበር።

በኋላ አሳየችኝ። የአዛውንት ቆዳ ስስ ነው፤ ጣት ጫን ሲልበት ይበልዛል። ግሪፕ ማለት ጣቶች ተቆልፈው ሲጫኑ ነው። ሆልድ ግን ደገፍ ማድረግ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወገባቸው ላይ ሰፊ ቀበቶ አሰረችላቸው። መዳፏን ወደ ላይ አዙራ ቀበቶውን ከሥር ጨበጠችና «ዚስ፣ ዩ ግሪፕ» አለች። ቀበቶው ግሪፕ ይደረጋል፤ እማማ ሆልድ ይደረጋሉ። ትምህርት ቤት አሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ተምሬ እንዲህ ጥርት ብሎ የገባኝ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ እነዚህን ቃላት ስለቅም ኖሬአለሁ። ሁሉም በመዝገበ ቃላት «ያዘ» ተብለው የተተረጎሙ ናቸው። ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

«ያዘ»ን ጣሉት

የኛ «ያዘ» የማይገባበት ቤት የለም። ፖሊስ ሌባ ይይዛል። ጉንፋን ይይዘናል። ዝናብ መንገድ ላይ ይይዘናል። ታክሲ እንይዛለን፣ ቀጠሮ እንይዛለን፣ ሥራ ይይዘናል። ከነዚህ አንዱም በእንግሊዝኛ ሆልድ አይደለም። ሌባውም ጉንፋኑም ካች ነው። ቀጠሮ ሜክ ይባላል። ታክሲ ጌት ወይ ቴክ ነው። ሥራ ከያዘን ደግሞ «አይ አም ቢዚ» ብለን እንገላገላለን። «ኤ ኮልድ ሄልድ ሚ» ብሎ ለአለቃው ጽፎ ከሥራ የቀረ ወዳጅ አለኝ። አለቃው ገብቶታል፤ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅ ከረመ።

አማርኛ ቃል አጥቶ ግን አይደለም። የኛ ሰው ዝርዝሩን የሚያስቀምጠው ከ«ያዘ» ፊት ነው። ሰቅዞ ያዘው። ጨምድዶ ያዘው። አፈፍ አድርጎ ያዘው። ሙጥኝ ብሎ ያዘው። አንቆ ያዘው። አቅፎ ያዘው። ሥዕሉን የሚሠራው የፊተኛው ቃል ነው፤ «ያዘ» ከኋላ ይከተላል። እንግሊዝኛ ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል። ስለዚህ የኔ ዘዴ ቀላል ናት። አስቀድማችሁ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ሙሉ አድርጋችሁ አስቡት። ከዚያ «ያዘ»ን ጣሉትና ከፊቱ ያለውን ቃል ተርጉሙ። ሰቅዞ ከሆነ ግሪፕ። ጨምድዶ ከሆነ ክለች። ሙጥኝ ብሎ ከሆነ ክሊንግ። አፈፍ አድርጎ ከሆነ ግራብ። ፊቱ ምንም ቃል ካልመጣላችሁ፣ ያኔ ሆልድ ነው።

ሆልድ፦ ስሜት የሌለበት መያዝ

ሆልድ ለብ ያለ ውሃ ነው። አይሞቅም፣ አይበርድም። ስለያዡ ስሜት ምንም አይነግራችሁም። የሚናገረው አንድ ነገር ቢኖር መያዙ ጊዜ መውሰዱን ነው። «ሆልድ ዚስ ፎር ሚ» ስትባሉ እስክመለስ ድረስ ያዝልኝ ማለት ነው። ገመዱን አፈፍ ያደረገው ሰው ግራብ አደረገ፤ ከዚያ በኋላ ሳይለቅ የቆየባት ደቂቃ ግን ሆልድ ናት።

እኛ ብዙ የምንሳሳተው ሕፃን ላይ ነው። አማርኛ ልጅ ያቅፋል። «ልቀፋት?» እንላለን አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ። ይህን ሃግ ብለን እንተረጉመዋለን። እንግሊዝኛ ግን «ካን አይ ሆልድ ኸር?» ነው የሚለው። ሃግ አጭር ነው፤ እቅፍ አድርጎ መልቀቅ ነው። ጨቅላ ልጅ እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ብትቀመጡ ሆልድ ነው። መሳሳቱ ነውር የለውም፤ እናትየው ግን ልጇን ጭምቅ አድርጋችሁ ልትመልሱላት መስሏት ልትደነግጥ ትችላለች።

ከዚሁ ጋር የምትሄድ አንዲት የምወዳት አባባል አለች። ሌላው ሁሉ ሲሸሽ ችግሩ አንድ ሰው እጅ ላይ ሲቀር አሜሪካኖች «ሌፍት ሆልዲንግ ዘ ባግ» ይላሉ፤ ከረጢቱን እንደያዘ ቀረ። እንግሊዞች «ሌፍት ሆልዲንግ ዘ ቤቢ» ይላሉ፤ ሕፃኑን ይዞ ቀረ። የኛ ሰው «ዕዳ ታቅፎ ቀረ» ይላል። ሦስቱም አንድ ሰውዬ ነው የሚታያቸው።

ስልክ ላይ «ሆልድ ኦን» ጠብቅ ነው። «አይ አም ኦን ሆልድ» ደግሞ ሙዚቃ እየሰማሁ እየጠበቅኩ ነው ማለት ነው፤ በጤና መድኅን ስልክ ላይ ግማሽ ዕድሜውን ያሳለፈ ሁሉ ያውቃታል። «አይ ኩድንት ጌት ሆልድ ኦቭ ሂም» ሲሉ ላገኘው አልቻልኩም ማለታቸው ነው። እጅ የሚባል ነገር እዚህ ውስጥ የለም።

ግሪፕ ወይስ ግራስፕ?

ሁለቱም በአማርኛ ጨበጠ ናቸው። ልዩነቱን ለማየት የመኪና ጎማ አስቡ። ጎማ መንገዱን ግሪፕ ያደርጋል፤ ግራስፕ አያደርግም። ግሪፕ ኃይልና ሰበቃ ነው፤ አለመንሸራተት። የብስክሌት መሪ ጫፍ ላይ ያለው ጎማም ግሪፕ ይባላል፤ የመዶሻ እጀታም እንደዚሁ። ፊልም ሲያልቅ ከሚወርዱት ስሞች መሀል «ኪይ ግሪፕ» የምትል ማዕረግ አይታችሁ ይሆናል። ካሜራው የሚቆምበትንና የሚንሸራተትበትን ነገር ሁሉ የሚገጣጥሙት ሠራተኞች ግሪፕ ይባላሉ፤ እሱ አለቃቸው ነው።

ግሪፕ ወደ ልብም ይገባል። ልብ ሰቅዞ የሚይዝ ታሪክ «ግሪፒንግ» ነው። ፍርሃት ሰው ሲይዝም ግሪፕ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ሰፈር ያደጉ ይመስላሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። «ጌት ኤ ግሪፕ» ማለት ራስህን ሰብሰብ አድርግ ማለት ነው፤ ንቀት አለበት። ለእኩያ ጓደኛ በቀልድ ይባላል። ለደንበኛ፣ ለአለቃ፣ ሐዘን ላይ ላለ ሰው በጭራሽ። «ካም ቱ ግሪፕስ ዊዝ» ግን ጨዋ ነው፤ ከከባድ ነገር ጋር ተጋፍጦ መቀበልን ይናገራል።

ግራስፕ እጅ ዘርግቶ ደርሶ መያዝ ነው። ከኃይሉ ይልቅ መድረሱ ይበልጥበታል። ለዚህ ነው ከእጅ ይልቅ ለአእምሮ የሚሠራው። የኛም ጨበጠ እንዲሁ አድርጓል፦ ሐሳቡን ጨበጠ፣ ጭብጥ፣ ተጨባጭ። ስለዚህ «ገባኝ» ከ«ጨበጥኩት» ጋር ሲመጣ ያለ ሥጋት ግራስፕ በሉ። ሥራ ማመልከቻ ላይ «ጉድ ግራስፕ ኦቭ» ብላችሁ የምታውቁትን ነገር ብታስከትሉ ያምራል። «ጉድ ግሪፕ ኦቭ» ካላችሁ ግን የሥራ ልምድ ሳይሆን የእጅ ጉልበት የምትገልጹ ይመስላል።

ሰላምታ ላይ እጅ መጨበጥ ግን ከሁለቱም አይደለም፤ ሼክ ነው፣ መነቅነቅ። ግሪፕ የሚመጣው የጨበጣውን ጥንካሬ ስንገመግም ብቻ ነው። «ሂ ሃዝ ኤ ፈርም ግሪፕ» ሲባል አጨባበጡ ጠንከር ያለ ነው ማለት ነው፤ በአሜሪካ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ምስጋና ነው።

በነገራችን ላይ ድምፃቸውን ልብ በሉ። ግሪፕ፣ ግራስፕ፣ ግራብ፤ ሁሉም በ«ግር» ይጀምራሉ። ክለች፣ ክሊንግ፣ ክላስፕ፣ ክሌንች፣ ክላምፕ ደግሞ በ«ክል»። የቋንቋ ሰዎች ይህን ዓይነቱን የድምፅ መንጋ ያውቁታል። እኛም ጨበጠ፣ ጨመደደ፣ ጨመቀ፣ ጨፈለቀ አለን። «ጨ» ስንል ጥርሳችን ራሱ ግጥም ይላል። ለማስታወስ ይረዳል፤ «ክል» የሚለው ወገን በብዛት መገጣጠምና መጣበቅ ይወዳል፣ «ግር» የሚለው ደግሞ እጅ መዘርጋትና ጉልበት።

ክለች፦ ጭምድድ

ክለች ውስጥ ልብ ምት አለ። ፍርሃት፣ ሕመም፣ ድንጋጤ፣ ወይም እንዳልነጠቅ የሚል ሥጋት። የሚያዘውም ነገር ብዙ ጊዜ ወደ ደረት ይጠጋል። አንዲት ሴት መርካቶ መሀል ግርግር ውስጥ ስትገባ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ጭምድድ ታደርገው የለ? ያ ነው ክለች። «ሺ ሄልድ ኸር ባግ» ብትሉ ቦርሳ ይዛለች፤ አለቀ። «ሺ ክለችት ኸር ባግ» ካላችሁ ግን አንባቢው ሌባውን መፈለግ ይጀምራል።

ቃሉ አሜሪካ ውስጥ ሌላ ቁስል አለው። በ2013 ጁላይ ፕሬዚዳንት ኦባማ በጥይት ስለተገደለው ጥቁር ወጣት ስለ ትሬቮን ማርቲን ጉዳይ ሲናገሩ፣ ጥቁር ሰው ሊፍት ውስጥ ሲገባ ቦርሳዋን ክለች አድርጋ፣ እስክትወርድ ትንፋሿን ሆልድ ስለምታደርግ ሴት አንሥተው ነበር። ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ናቸው። ቦርሳውን የያዘው ፍርሃት ስለሆነ ክለች፤ ትንፋሹ የቆይታ ጉዳይ ስለሆነ ሆልድ። የኛ ልጆችም እዚያ ሊፍት ውስጥ ስለሚቆሙ ቃሉን ያውቁታል። ስለዚህ ስለ ሰው ስትጽፉ ክለችን በዋዛ አታስገቡት፤ በአንዲት ግሥ ሰውየውን ፈሪ፣ ጎረቤቱን ተጠርጣሪ ታደርጋላችሁ።

ቃሉ ከግሥነት ሲወጣ ደግሞ ሦስት ቦታ ታገኙታላችሁ። አንደኛው መኪና ውስጥ ነው። እኛ ከጣልያን ወስደን ፍሪሲዮን ያልነው በእንግሊዝኛ ክለች ነው። ሞተሩንና ማርሹን ጨምድዶ የሚያያይዝ ሳህን ስለሆነ ስሙ ይገባዋል። ልብ በሉ፤ ፔዳሉን ስትረግጡ ነው የሚለቀው። ሁለተኛው ማንጠልጠያ የሌላት የሠርግ ቦርሳ ናት። ማንጠልጠያ ስለሌላት መጨምደድ ግድ ነው። ሦስተኛው ስፖርት ነው። ጨዋታ ሊያልቅ ሲል፣ ሁሉም እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ኳሷን የሚያስገባ ተጫዋች «ክለች» ነው። የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ ከ2022–23 የውድድር ዘመን ጀምሮ የዓመቱ ክለች ተጫዋች የሚል ሽልማት ይሰጣል። መጀመሪያ ያሸነፈው የሳክራሜንቶ ኪንግሱ ዲአሮን ፎክስ ነበር። ዋንጫው የተሰየመው «ሚስተር ክለች» ይባል በነበረው የቀድሞ ተጫዋች በጄሪ ዌስት ነው። ከዚያ ወጣቱ ቃሉን ወደ ሰፈር አወረደው። ስልካችሁ ሊሞት ሲል ቻርጀር ለሰጣችሁ ልጅ «ዛትስ ክለች!» ይባላል፤ ደረስክልኝ እንደማለት።

አሁን አንዲት ትንሽ ቃል ልብ እንበል፤ «አት»። «ሂ ክለችት ዘ ሮፕ» ገመዱ እጁ ውስጥ አለ። «ሂ ክለችት አት ዘ ሮፕ» ግን ሊይዘው እየታገለ ነው፤ ይያዘው አይያዘው አልታወቀም። ግራስፕና ግራብ ላይም «አት» ስትገባ ነገሩ እንዲሁ ነው። ለዚህ ነው «ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል» የምንለውን እንግሊዞች «ክለች አት ስትሮውስ» የሚሉት። እነሱ ገለባ፣ እኛ አረፋ። አሜሪካኖች ግራስፕ አት ማለት ይቀናቸዋል። «አት»ን ካወጣችኋት ሰውየው ገለባ ይዞ በሰላም የቆመ ገበሬ ይሆናል።

ክሊንግ፦ ሙጥኝ

ክሊንግ መላ ሰውነት ነው። ወይም ማጣበቂያ። ዝናብ ያራሰው ልብስ ገላ ላይ ሲለጠፍ ክሊንግ ነው። እንግሊዝ ሳህን ላይ ያለ ምግብ የሚሸፍኑባት ስስ ፕላስቲክ «ክሊንግ ፊልም» ትባላለች፤ አሜሪካ ውስጥ «ፕላስቲክ ራፕ» ነች። ኋላው ብዙውን ጊዜ «ቱ» ይፈልጋል። ያለ «ቱ» ልጁም እናቱም አየር ላይ ይቀራሉ።

አንዲት ጎረቤቴ ልጇን መዋዕለ ሕፃናት ባስገባች በመጀመሪያው ሳምንት መምህሯ በስልክ መልእክት ጻፈችላት። «ሂ ወዝ ኤ ቢት ክሊንጊ ቱደይ»። ጎረቤቴ ትርጉም መፈለጊያ ላይ ከተተችውና «ተጣባቂ» አላት። በቃ፣ ቡናው ሳይፈላ እኔ ቤት መጣች። «ልጄን ተለጣፊ አለችው እኮ!» ስልኩን አሳየችኝ። ከመልእክቱ በታች ቀይ ልብ አለ። እንደምንም አስረዳኋት። ለሦስት ዓመት ልጅ ክሊንጊ ስድብ አይደለም። ቀሚስ ለቀቅ አላደርግ አለ፣ እናቱ ናፈቀችው ማለት ነው። መምህሯ እያዘነችለት ነው የጻፈችው።

ለትልቅ ሰው ግን ጎረቤቴ ልክ ነበረች። ፍቅረኛ ክሊንጊ ከተባለ አለቀለት፤ በየአምስት ደቂቃው «የት ነሽ?» እያለ የሚጽፈው ዓይነት ነው። ስለዚህ ልጅ ላይ አትፍሩት፤ አዋቂ ላይ ከመጠቀማችሁ በፊት አስቡበት።

የክሊንግ ዋናው መርዝ ፖለቲካ ውስጥ ይታያል። አንድ መሪ ሥልጣን ላይ «ሆልድስ ኦን» ካላችሁ አሁንም እዚያው አለ። «ክሊንግስ ቱ ፓወር» ካላችሁ ሙጭጭ ብሏል፤ መሄድ ነበረበት ብላችሁ ፈርዳችኋል። ዜና የምትተረጉሙ ሰዎች ይህቺን አትለፏት። እንግሊዝኛው ክሊንግ ብሎ ሳለ «ሥልጣን ይዟል» ብሎ መተርጎም የጸሐፊውን ምላስ መቁረጥ ነው።

ኦባማ ራሳቸው በዚህ ቃል ተቃጥለዋል። በ2008 ኤፕሪል፣ ገና ዕጩ ለመሆን ሲወዳደሩ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በአንድ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ስብሰባ ላይ ተናገሩ። ሥራ ስለጠፋባቸው የትናንሽ ከተሞች ሰዎች ነበር ወሬው። ሰዎቹ ምሬት ያድርባቸዋል፣ ጠመንጃቸው ወይም ሃይማኖታቸው ላይ ክሊንግ ያደርጋሉ አሉ። ንግግሩ ወጣ፤ አገር ተናወጠ። በኔ ግምት ሆልድ ኦን ቢሉ ኖሮ ግማሹ ጩኸት ይቀር ነበር። እምነቱን አጥብቆ የያዘ ሰው ይከበራል። ሙጥኝ ያለ ሰው ግን ሌላ ነገር አጥቶ ነው። የተቀየሙትም ለዚህ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ የኛ ሙጥኝ ትንሽ ይለያል። በሀገራችን ሙጥኝ ያለ ሰው ከለላ የጠየቀ ነው፤ ታቦት ጥግ የገባ፣ ክብር ያለው ልመና ያቀረበ። ስለዚህ ስሜቱ መጠጊያ ፍለጋ ከሆነ ክሊንግ ብቻውን አይበቃውም፤ ስለ ከለላው ሌላ ቃል ጨምሩለት። ሙጭጭ ከሆነ ግን ያለ ጭማሪ ክሊንግ ነው።

በችኮላ የሚያዙ

ግራብ አፈፍ ነው። ከመንገድ ሊገባ የሮጠ ልጅን እጅ አፈፍ፣ ከጠረጴዛ ላይ ቁልፍ አፈፍ። አሜሪካ ውስጥ ቡናም ምሳም ግራብ ይደረጋል፤ «ሌትስ ግራብ ኤ ኮፊ» ማለት እንገናኝ ማለት ነው፤ መቻኮል ላይኖርበት ይችላል። ሰው ላይ ግን ተጠንቀቁ። «ሂ ግራብድ ማይ አርም» ፖሊስ ጣቢያ የሚጻፍ ዓረፍተ ነገር ነው። ክንዴን ያዝ አደረገኝ ለማለት ቱክ ወይም ሄልድ ይሻላል። ሌባ መንትፎ ሲሮጥ ደግሞ ስናች ነው።

ክሌንች በብዛት ለራስ አካል ነው፤ ጥርስ፣ መንጋጋ፣ ቡጢ። ቦርሳ ክሌንች ማድረግ ብዙ አይባልም። ክላስፕ የአንገት ሐብል መቆለፊያ ነው፤ ሁለት እጅን አቆላልፎ መያዝም እንዲሁ። ከሁሉም ረጋ ያለ ነው፤ ለጸሎት ይመቻል።

ሐኪም ፊት

ከሁሉም በላይ ስሕተቱ የሚያስከፍለው እዚህ ነው። ሕመም በአማርኛ ይይዛል። ወገቤን ያዘኝ፣ ሆዴን ጨምድዶ ያዘኝ፣ ደረቴን ሰቅዞ ያዘኝ፣ እግሬን ጅማት ያዘኝ። ለወላጆቻችን የምናስተረጉም ልጆች «ሂስ ባክ ሄልድ ሂም» ስንል ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ትቶ ፊታችንን ያያል።

እንግሊዝኛ ሕመምን በስም መጥራት ይወዳል። ጨምድዶ የለቀቀ፣ እንደገና የሚጨመድድ የሆድ ሕመም ክራምፕ ነው። ጅማትም ክራምፕ ነው። ወገብ ደርቆ አልንቀሳቀስ ሲል «ሲዝድ አፕ» ወይም «ሎክድ አፕ» ይባላል፤ ዘይት ያለቀበት ሞተር ደርቆ ሲጣበቅም ያው ሲዝድ አፕ ነው።

ደረት ላይ ግን ጊዜ ወስዳችሁ ጠይቋቸው። የሚወጋ ነው? የሚጫን ነው? የሚጨምቅ ነው? የሚወጋው ሻርፕ ነው፣ የሚጫነው ፕሬሸር፣ የሚጨምቀው ስኩዊዚንግ ወይም ታይትነስ። ለሐኪም እነዚህ ቃላት የተለያዩ በሮች ናቸው። አባቶቻችን ግን ብዙ ጊዜ ቃል አይመርጡም፤ ቡጢ ጨብጠው ደረታቸው መሀል ላይ ያደርጉታል። ሐኪሞች ይህን ያውቁታል። «የሌቪን ምልክት» የሚል ስም አለው፤ ሳሙኤል ሌቪን በሚባል አሜሪካዊ የልብ ሐኪም የተሰየመ። የልብ ደም ሥር ሲጠብ የሚመጣውን ሕመም የሚያሳዩበት መንገድ ነው። ስለዚህ አባታችሁ ቡጢ ካሳዩ፣ ሳትተረጉሙ ሐኪሙ ራሱ እንዲያይ አድርጉ።

ሲዝ ከሚለው የወጣ አንድ ቃል ደግሞ ሁለት ፊት አለው፤ «ሲዠር»። ሐኪም ቤት ውስጥ የሚጥል ሕመም ሲነሣ ሲዠር ነው። ጉምሩክ ላይ ግን ሲዠር መውረስ ነው። ከ10,000 ዶላር በላይ ይዞ ሳያስመዘግብ አሜሪካ የገባ ወይም የወጣ መንገደኛ ገንዘቡ ሊያዝበት ይችላል፤ የሚደርሰውም ደብዳቤ «ሲዠር» ይላል። ደብዳቤውን ያነበበ ሰው ማን ታመመ ብሎ እንዳይደነግጥ።

እቅፍ

እዚህ ብዙ አልቆይም። ሃግ የየቀኑ ነው። ኢምብሬስ ወይ ክብደት ያለው እቅፍ ነው፣ ወይ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው፤ አለቆች ለውጥን ኢምብሬስ አድርጉ ማለት ይወዳሉ። ለጓደኛችሁ «ጊቭ ሚ አን ኢምብሬስ» ካላችሁ ከመድረክ ተውኔት የወጣችሁ ትመስላላችሁ።

ታይት ወይስ ታይትሊ?

ትምህርት ቤት ግሥን የሚገልጽ ቃል መጨረሻ ላይ «ሊ» ጨምሩ ተብለናል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም። «ሆልድ ታይት» ነው፤ «ሲት ታይት» ነው (ባላችሁበት ቆዩ)፤ «ስሊፕ ታይት» ነው (ደኅና እደሩ)። ለንደን ከኋላ በር አልባ የሆኑት ቀያይ ባለ ፎቅ አውቶቡሶች፣ ሩትማስተር የሚባሉት፣ ረዳት ነበራቸው። አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል ረዳቱ «ሆልድ ታይት!» ይላል፤ የኛ ወያላ «ሳበው!» እንደሚለው፤ የነሱ ግን ለተሳፋሪው ነው። የመደበኛ መስመራቸው የመጨረሻው 159 ቁጥር ሲሆን በ2005 ዲሴምበር ቆመ። አባባሉ ግን ቀርቷል። «ታይትሊ» ቦታዋ ከተደራጊ ቃል ፊት ነው፤ «ታይትሊ ፓክድ» (ጥቅጥቅ ያለ)፣ «ታይትሊ ኮንትሮልድ» (ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት)። «ታይት ፊስትድ» ደግሞ ቡጢው የማይፈታ፤ ማለትም ቆንቋና።

አነጋገር ላይ አንድ ወጥመድ ብቻ ልጠቁም። ግሪፕ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «ኢ» የምትባለዋ ፊደል ከገባች ግራይፕ ይሆናል፤ ትርጉሙም መነጫነጭ ነው። ያለፈ ጊዜ ላይ ግሪፕ «ፒ»ን ይደግማል፣ ግራይፕ አይደግምም። አንዷን ፊደል ከረሳችሁ ገመዱን አጥብቆ የያዘው ሰውዬ ገመዱ ላይ ሲያማርር ይውላል። ክሊንግም ያለፈው ክላንግ ነው እንጂ ክሊንግድ አይባልም፤ የሆልድም ሄልድ ነው።

ስለ መልቀቅ

የቱን እንደመረጣችሁ ርግጠኛ ካልሆናችሁ አለቃቀቁን እዩ። ግሪፕ የነበረ ሲላላ ሉዝን ይባላል። ክሊንግ ያለ በራሱ ስለማይለቅ ፈልቅቀው ያላቅቁታል፤ ያም ፕራይ ነው። ሆልድ የነበረ «ሌት ጎ» ነው፤ ለቀቀ። ይህቺ ሌት ጎ ለገመድም፣ ለእጅም፣ ለቂምም ትሆናለች። ሥራ ቦታ ግን ሌላ ናት። አለቃችሁ በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዊ ሃቭ ቱ ሌት ዩ ጎ» ካላችሁ፣ ዛሬ ቀደም ብላችሁ ወደ ቤት እንድትገቡ ፈቃድ መስጠቱ አይደለም። ከሥራ አሰናብቷችኋል።